የአክሱምን መዳብ አንፈትግ

የአክሱም ነገሥታት ከልደተ ክርስቶስ በኋላ ከ3ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ከወርቅና ከብር ሌላ የመዳብ ገንዘብም ያሠሩ ነበር። መዳቡ ከእጅ ወደ እጅ ስለ ዞረ ብዙው ተፍቆ ይገኛል። ታዲያ አንዱን ከሌላው በምን እናበላልጥ?

ብዙዎቻችን የሚያብለጨልጨውን እንመርጥ ይሆናል፤ ስሕተት ነው። አስቀድመን የንጉሡ መልክና ጽሕፈቱ ምን ያህል እንደ ተረፈ እንመርምር፤ ቀጥለን ቀለሙን እንይ። ዘመን ያለበሰው ለስላሳ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ልባስ ጌጡም ጋሻውም ነው፤ ዱቄት የመሰለው ነጣ ያለ አረንጓዴ ግን መዳቡን የሚበላ ደዌ ነው። በአንዳንዶቹም ላይ በመስቀሉ ወይም በንጉሡ ራስ ዙሪያ ስስ ወርቅ ተለብጧል፤ ብንፈትገው ይጠፋል።

በ4ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ኢዛና ገንዘብ ላይ ጨረቃው በመስቀል መተካቱን የሚመሰክርልን እንዲህ ያለ ትንሽ ምልክት ነው። እንግዲህ እናሳምር ብለን ታሪካችንን በገዛ እጃችን አንፋቅ።