የማጣት ቃላት፦ እንግሊዞች «የለም» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

አንድ ቀን በቤተ መጻሕፍት ተሰብስበን እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ስናገላብጥ ስለ እረኛው የሚናገረው መዝሙር ላይ ደረስን። በእኛ አቆጣጠር 22ኛው፣ በእነሱ 23ኛው ነው። እዚያ «ዎንት» የምትል ቃል አፋጠጠችን። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ «መፈለግ» ብለን የሸመደድናት ቃል ናት። ታዲያ ዳዊት እረኛውን «አልፈልግም» ሊል ነው? ሳቅን። ኋላ መዝገበ ቃላቱን ስናይ ግን ሳቁ በራሳችን ላይ ሆነ። በ1611 «ዎንት» ማለት መፈለግ ሳይሆን ማጣት ነበር።

ይህች ጽሑፍ ከዚያ ሳቅ የተወለደች ናት። እንግሊዞች ለማጣት፣ ለእጥረትና ለችግር ያሏቸው ቃላት እያንዳንዳቸው ታሪክ አላቸው። ታሪኩ ደግሞ የቃላት ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲራብ «ጥፋተኛው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ታሪክም ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዎንት» የእንግሊዞች የራሳቸው ቃል አይደለችም። በ9ኛው መቶ ዘመን መርከባቸውን እየቀዘፉ መጥተው በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ የሰፈሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ ትሩፋት ናት። ትርጉሟም «መጉደል» ነበር። የጎደለው ሰው የጎደለውን ይሻልና ቃሏ ቀስ በቀስ ከማጣት ወደ መሻት ተንሸራተተች፤ «መፈለግ» የሚለው ትርጉም የተደላደለው በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። ዘመኑ በእንግሊዝ አገር ገበያ የሠፋበት፣ የሚሸጠውም የሚገዛውም የበዛበት ዘመን መሆኑን ልብ ይሏል። የድሃው ጉድለትና የሀብታሙ አምሮት በአንድ ቃል ይጠሩ ጀመር።

«ኒድ» ግን ሌላ ናት። ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ስትሆን መነሻዋ ግዴታና መከራ ነው። እዚህ ላይ የራሳችንን ቋንቋ ልብ ብንል አይከፋም። «እፈልጋለሁ» እና «ያስፈልገኛል» ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ነገር ግን በመጀመሪያው ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ በሁለተኛው ነገሩ ራሱ ነው የሚያስገድደኝ። እንግሊዞች በሁለት ቃል የለዩትን እኛ በአንዲት «አስ» ለየነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ «ደርዝ»። ከእኛው «ደርዝ» ጋር በድምፅ እንጂ በትርጉም አይገናኝም። የተወለደው «ዲር» ከሚለው ቃል ሲሆን፣ ይህም ልክ እንደ አማርኛው «ውድ» የተወደደ ሰውም ዋጋው የናረ ዕቃም ይባልበታል። ስለዚህ ለዚያ ዘመን እንግሊዛዊ የችጋር ስሙ «ውድነት» ነበር። ስሙ ውድነት ከሆነ ደግሞ የሚጠየቀው ሰማዩ ብቻ አይደለም፤ እህል ያከማቸውም ይጠየቃል። በ1587 መንግሥት ባወጣው የትእዛዝ መጽሐፍ ዳኞች ጎተራ እየፈተሹ እህሉን ወደ ገበያ እንዲያስወጡ ታዘዋል። ከ1594 ጀምሮ አዝመራው በተከታታይ ሲበላሽ ይኸው ትእዛዝ ተደግሟል። በ18ኛው መቶ ዘመንም ሕዝቡ እህል ሲወድበት ተነሥቶ እህሉን ይይዝና ብዙ ጊዜ ከመዝረፍ ይልቅ «ተገቢ» ባለው ዋጋ ሸጦ ገንዘቡን ለባለቤቱ ይሰጥ ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ኢ. ፒ. ቶምሰን በ1971 ባወጣው ጽሑፍ ይህን በሰፊው አሳይቷል።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። አዳም ስሚዝ በ1776 ስለ አውሮፓ ሲጽፍ ውድነትን የሚያመጣው የአዝመራ ጉድለት ነው፣ ውድነቱን ወደ ረሀብ የሚለውጠው ግን መንግሥት በገበያ ላይ በጉልበት መግባቱ ነው ብሎ ተከራከረ። «ደርዝ» እያረጀ ሄደ፤ «ስኬርሲቲ» ነገሠ። በኖርማኖች ፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ቃል ነው። በ1932 ላየነል ሮቢንስ የኢኮኖሚክስን ትምህርት ትርጉም የሰጠው በዚህ ቃል ላይ ተመሥርቶ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ አሜሪካኖች «ሾርቴጅ» የሚል ቃል ጨመሩ፤ እኛ «እጥረት» የምንለው ነው። እነዚህ ቃላት ጨዋ ናቸው፤ ማንንም አይከሱም። ዕቃው አነሰ ይላሉ፣ በቃ።

ይህ ነገር እኛን ምን አገባን? ያገባናል እንጂ! አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ስለደረሰው የወሎ ረሀብ አንድ ምዕራፍ ጽፏል። የወሎ አዝመራ በድርቅ መመታቱን አይክድም። ነገር ግን የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም ጥቂት እህል ከወሎ ይወጣ እንደነበር ያመለክታል። ሰው የሞተው በውድነት አልነበረም፤ አዝመራው የከዳው ገበሬ፣ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር መግዣ አጥቶ ነው። ሴንን የተቃወሙት አሉ፤ መንገድ ባለመኖሩ እህል ሊደርስ አልቻለም የሚሉም አሉ። ጥያቄው ግን ጸንቶ ይኖራል፦ የጠፋው እህሉ ነው ወይስ የሰውየው አቅም?

አማርኛችን ይህን ልዩነት ያውቀዋል። «እህል ጠፋ» ስንል ባለቤቱ እህሉ ነው፤ «ሰው አጣ» ስንል ባለቤቱ ሰው ነው። ሆኖም ቋንቋችን መሸሸጊያም አለው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገሪቱን የፈጀውን ረሀብ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው ጠሩት። ከብቱን የጨረሰው በሽታ ነበር፣ ድርቅ ነበር፣ አንበጣ ነበር፤ ስሙ ግን ሁሉን በቀን ላይ ጣለው። ቀን ደግሞ ችሎት ፊት አይቀርብም።

እንግሊዞች በ1942 የቤቨሪጅን ሪፖርት ሲያወጡ ከሚዋጓቸው አምስት ግዙፍ ጠላቶች መካከል አንዱን በዚያች በአሮጌዋ ቃል «ዎንት» ብለው ጠሩት፤ መሻትን ሳይሆን ማጣትን ማለታቸው ነበር። ጠላት ስም ሲያገኝ ይዋጉታል። እኛም ነገ መምህር፣ ጋዜጠኛ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ሆነን «እጥረት አለ» ብለን ከመጻፋችን በፊት ብዕራችንን ትንሽ እንያዝና እንጠይቅ፦ ምን ጎደለ ብቻ ሳይሆን፣ ማን አጣ?