ውሻን ዝም የማሰኘት ታሪክ፦ ከሮም እስከ እኛ ግቢ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ውሻ ጩኸት ነው። አትሳቁ፣ ይሄም ታሪክ አለው።

ነገሩ የመጣው ከጎረቤት ነው። ውሻችን ቡቺ ቀን ከሌት ይጮሃል። ሰው ሲያልፍ፣ ባጃጅ ሲያልፍ፣ ድመት ጣሪያ ላይ ስትወጣ። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ በአጥር በኩል "መምህር፣ የልጅ ልጄ እንቅልፍ አጣ። ወይ አንተ ዝም አሰኘው፣ ወይ እኔ የማደርገውን አውቃለሁ" አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። መርዝ የተቀባ ሥጋ በአጥር መወርወር በእኛ ሰፈር አዲስ ነገር አይደለም።

እኔም ዱላ አነሳሁ። ቡቺ ለጊዜው ዝም ይልና ጀርባዬን ስሰጠው ይብስበታል። የታሪክ አስተማሪ ሲቸግረው ደግሞ ወደ ኋላ ነው የሚያየው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ390 ገደማ ጋሎች የሚባሉ ሕዝቦች ሮምን ወረሩ። የተረፉት ሮማውያን ካፒቶል ኮረብታ ላይ መሸጉ። የሮም ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ጠላት በሌሊት ኮረብታውን ሲወጣ ውሾቹ ዝም አሉ፤ ጮኸው ሰዉን የቀሰቀሱት ዝይዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ዝይ በክብር ይዘው ሲዞሩ ውሻ ግን ይሰቅሉ ነበር። ጥፋቱ አለመጮሁ ነው!

ልብ በሉ፤ የውሻ ዘመድ የሆነው ተኩላ ካደገ በኋላ ያላዝናል እንጂ እንደ ውሻ ብዙ አይጮህም። ከ14 ሺህ ዓመት በላይ ከሰው ጋር የኖረው ውሻ ግን ጯሂ ሆነ። ሰውም ለጥበቃ የፈለገው ጯሂውን ነው። እንግዲህ ጩህ ብለን ያሳደግነው እኛ፣ ለምን ጮህክ ብለን የምንመታውም እኛ።

ዱላው ራሱ መጽሐፍ ተጽፎለታል። እ.ኤ.አ. በ1910 ኮንራድ ሞስት የተባለ ጀርመናዊ የፖሊስ ሰው ስለ ውሻ ሥልጠና አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሽልማትንም ያውቅ ነበር፤ መንገዱ ግን ወደ ማስገደድ ያደላል። ከእሱ በኋላ ብዙ አሠልጣኞች በዚያው ሄዱ።

በሌላ በኩል ኮሌጅ ሳይኮሎጂ ስንማር ለፈተና የሸመደድናቸው ሰዎች አሉ። ፓቭሎቭ በ1904 ኖቤል የተሸለመው በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነው፤ ውሾቹ ግን ምግቡ ሳይመጣ በምልክቱ ብቻ ምራቃቸው እንደሚመጣ አሳየ። ቶርንዳይክ በ1898 ድመቶችን ሣጥን ውስጥ ዘግቶ፣ ጥሩ ውጤት ያስገኘ ድርጊት እንደሚደጋገም ጻፈ። ስኪነር አስፋፋው። ተማሪዎቹ የነበሩት ባልና ሚስቱ ብሬላንዶች ደግሞ በ1947 ድርጅት ከፍተው ዶሮ ሳይቀር ያለ ዱላ አሠለጠኑ።

ከሁሉም የገረመችኝ ካረን ፕራየር ናት። በ1960ዎቹ ሃዋይ ውስጥ ዶልፊን ታሠለጥን ነበር። ዶልፊን አይመታ፣ አይታሰር፤ ከተቆጣህ ዋኝቶ ይሄዳል። በ1984 ባወጣችው መጽሐፍ መጥፎ ልማድን ለማስቆም 8 መንገዶች ዘርዝራለች፤ አንዱ ምሳሌዋ ሌሊት የሚጮህ ውሻ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ውሻውን መግደል ነው። ይሠራል፤ ግን ውሻው ምንም አልተማረም። የመጽሐፉም ርዕስ "ውሻውን አትተኩሱበት" እንደማለት ነው።

ይሄን ይዤ ወደ ግቢዬ ተመለስኩ። ቡቺን ሳየው ቀኑን ሙሉ የታሰረው በሩ ፊት ነው፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ አላፊ አግዳሚውን ያያል። ሲጮህ ወጥቼ "ዝም በል!" እያልኩ እጮሃለሁ። ለእሱ አብሬው የምጮህ ነው የሚመስለው። አንዳንዴ ደግሞ ዝም እንዲል ዳቦ እወረውርለታለሁ። ለጩኸቱ ደመወዝ ስከፍለው ነበር በቃ!

ቦታውን ወደ ጓሮ አዛወርኩ። ቀዳዳውን በማዳበሪያ ሸፈንኩ። ጠዋት ጠዋት ይዤው እወጣለሁ። ሲጮህ አንዴ ብቻ ቀስ ብዬ "በቃ" እላለሁ፤ ለ2 ሰከንድ ዝም ካለ ወዲያው ቁራሽ ዳቦ። ከዚያ 5 ሰከንድ፣ ከዚያ 10። ለልመና ሲጮህ ዞር ብዬም አላየውም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ባሰበት፣ ልተወው ነበር። ከወር በኋላ ግን እትዬ ራሳቸው "ውሻው ታሟል እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። አሁንም ጅብ ሲመጣ ይጮሃል፤ ይጩህ፣ ሥራው ነው።

የመጨረሻዋ ነገር ከውሻው ይልቅ እኔን ትመለከታለች። ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት ክፍል ሲረበሽ ጠረጴዛ በዱላ እየመታሁ እጮህ ነበር። ዱላው ጠረጴዛው ላይ ብቻ የማያርፍበት ቀንም ነበር። ያኔ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ፓቭሎቭንም ስኪነርንም ተምሬ፣ ፈተናውንም አልፌ ነው ይሄን የማደርገው። ተማሪን ከውሻ ጋር ማወዳደሬ አይደለም። ለቡቺ ያገኘሁትን ትዕግሥት ለእናንተ በጊዜው አለማግኘቴ ነው የሚቆጨኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ጯሂ ውሻ ያላችሁ፣ ዱላውን ከማንሳታችሁ በፊት ለምን እንደሚጮህ እዩለት። የሞከራችሁት ካለም ጻፉልኝ። ሰላም እደሩ!