ስንቅ ከነምግብ ቤቱ

ስንቅ ሲባል ለእኛ ቶሎ የሚታወሰን በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ነው። አያቶቻችን በስልቻ ቋጥረው ዘመቱ፤ ሲያልቅባቸው ከባላገሩ ማጀት በሉ። ባላገሩ ምን ያህል እንደተማረረ ታሪክ ያውቀዋል። የአሜሪካ ጦር ግን ምግብ ቤቱን ራሱን ይዞ መዝመት ጀመረ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ!

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያን ጊዜ በየጦር ሰፈሩ ለወታደሩ መደብር እንዲከፈት ታዘዘ። መደብሮቹን የሚያስተዳድረው ተቋም በ1984 ከበርገር ኪንግ ጋር ተዋዋለ። በ2003 ባግዳድ ስትያዝ በርገሩም ተከትሎ አውሮፕላን ማረፊያዋ ደረሰ።

ለእኛም አገር ይህ እንግዳ አልነበረም። አሜሪካኖች ከ1943 እስከ 1977 የያዙት የአስመራው ቃኘው ጣቢያ የራሱ መደብር፣ ክበብና ቦውሊንግ መጫወቻ ነበረው። ስሙን ያገኘው ኮሪያ ከዘመተው ሻለቃችን ነው፤ በአጥሩ ውስጥ ያለው ኑሮ ግን የአሜሪካ ነበር።

የዚህ ሁሉ ጫፍ የታየው አፍጋኒስታን፣ ቃንዳሃር አየር ማረፊያ ላይ ነው። በእንጨት የተነጠፈ ባለ አራት ማዕዘን መተላለፊያ ዙሪያውን በርገር፣ ፒዛና ቡና ቤቶች ተደርድረውበት ነበር። ካናዳውያን የሆኪ ሜዳም ሠሩበት። ቲም ሆርተንስ የተባለው ቡና ቤታቸው ከ2006 እስከ 2011 ወደ 4 ሚሊዮን ስኒ ቡና እንደሸጠ ተነግሯል። ሮኬት ሲተኮስ ሁሉም ይተኛል፤ ሲያባራ ተነስቶ ሰልፉን ይይዛል።

በ2010 አዛዡ ጄኔራል ስታንሊ ማክክሪስታል «ይበቃል» አሉ። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር። ከካራቺ ወደብ ተነስቶ ፓኪስታንን የሚያቋርጠው ጭነት በየመንገዱ ይቃጠላል፤ በአውሮፕላኑም ቦታ ጥይትና መድኃኒት ይቅደም። ብዙዎቹ ቤቶች ተዘጉ። በዚያው ዓመት የተተኩት ጄኔራል ዴቪድ ፔትሬየስ ግን ውሳኔውን ቀለበሱት።

እኛ የምንፈርደው በወታደሩ ላይ አይደለም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ከሞት አፋፍ ሲመለስ አንድ ዶናት የእናቱን ቤት ቢያስታውሰው ማን ይወቅሰዋል? ደግሞም ይህ ድሎት ለሁሉም አልደረሰም። ከዋናው ሰፈር ርቀው በየምሽጉ የሚያድሩት በፓኬት የታሸገ ምግብ ነበር የሚበሉት።

የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ቃንዳሃር በሮማን ፍሬዋ የታወቀች አገር ናት። ከከተማዋ ጎን ያለው የአርጋንዳብ ሸለቆ የሮማን እርሻ ነው፤ በ2010 ግን የጦር ሜዳ ሆኖ ነበር። ሮማኑ እዚያው ደጃፍ ላይ እያለ ዶናት ባሕር ተሻግሮ ይመጣል! ከባላገሩ ቀምቶ የሚበላ ጦር ይጠላል፤ ያ ግልጽ ነው። ከባላገሩ ጋር ምንም የማይበላ ጦርስ? አይቀማም፤ ግን አያውቀውምም። ማዕድ ሳይቆርሱ መተዋወቅ እንደማይቻል የእኛ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቃል።

አሜሪካኖች በ2021 ቃንዳሃርን ለቀው ወጡ። በወራት ውስጥ ከተማዋ በታሊባን እጅ ገባች። ጦርነቱ በበርገር ምክንያት ተሸነፈ አንልም። ግን ሃያ ዓመት ጎረቤት ሆኖ እንግዳ መቅረት በአጥርና በጠመንጃ ብቻ የመጣ አይመስለንም፤ ገበታውም ድርሻ አለው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?