የፎቶግራፍ ምስክርነት፤ ካርልተን ዋትኪንስና የዮሰሚቲ ሸለቆ

በሩቅ አገር ያለ ተራራ ግሩም መሆኑ በቃል ሲነገረው፥ ሰሚው ግማሹን አምኖ ግማሹን የተናጋሪው ማጋነን ነው ይላል። ፎቶግራፉ ሲቀርብለት ግን ክርክሩ ያበቃል። የዚህ ምስክር ኃይል ምን ያህል እንደሆነና እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ፥ ከአንድ መንገደኛ ፎቶግራፍ አንሺ ታሪክ ለመረዳት ስለሚቻል፥ ታሪኩን ባጭሩ ለአንባብያን አቀርባለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ካርልተን ዋትኪንስ በ1829 ዓ.ም. በኒውዮርክ ግዛት ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ወርቅ ወደተገኘበት ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ፥ በዚያው የፎቶግራፍ ሥራ ጀመረ። በ1861 ዓ.ም. ዕቃውን በበቅሎ አስጭኖ፥ ታላላቅ ገደሎችና ፏፏቴዎች ወደሚገኙበት ወደ ዮሰሚቲ ሸለቆ ተጓዘ።

ዛሬ ከኪሳችን ስልክ አውጥተን ፎቶግራፍ ለምናነሣ ለእኛ የዚያን ጊዜውን ድካም መገመት ያዳግታል። የዋትኪንስ መስተዋት 45 በ55 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። መስተዋቱን ኮሎዲዮን በተባለ ፈሳሽ ቀብቶ፥ በብር ማዕድን ውሕድ ውስጥ ነክሮ፥ ሳይደርቅ ወደ ካሜራው ማግባት፥ ሥዕሉንም እንዳነሣ ወዲያው በጨለማ ድንኳን ውስጥ በመድኃኒት ማጠብ ነበረበት። መስተዋቱ ከደረቀ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ደግሞም ያ መድኃኒት ሰማያዊውን ብርሃን አብልጦ ስለሚቀበል፥ ሰማዩ ነጭ ሆኖ፥ ቅጠሉ ጠቁሮ ይታያል። የሚወርደው ውኃም እንደ ተዘረጋ ነጠላ ይመስላል። ቀለም ባይኖርም፥ ቁመቱ 900 ሜትር የሚያህለው የኤል ካፒታን ገደል በጥቁርና በነጭ ብቻ ግርማው ጎልቶ ይታይ ነበር።

እነዚህ ሥዕሎች በ1862 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ለሕዝብ ታዩ። በ1864 ዓ.ም. መጀመሪያም ሬይመንድ የተባለ የመርከብ ኩባንያ ሹም፥ ሸለቆው እንዲጠበቅ ለካሊፎርኒያው ሴናተር ለጆን ኮነስ ሲጽፍ፥ ከደብዳቤው ጋር የሸለቆውን ፎቶግራፎች ላከለት። ኮነስም የሕጉን ረቂቅ ለምክር ቤቱ አቀረበ። አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት በምትነድበት ወራት፥ ፕሬዚዳንት ሊንከን ሰኔ 30 ቀን 1864 ዓ.ም. ሕጉን ፈረመ። በዚህም ሸለቆውና የማሪፖሳ ታላላቅ ዛፎች የማንም የግል ርስት ሳይሆኑ ለሕዝብ እንዲጠበቁ ተወሰነ። ለዚህ ብዙ ሰዎች ደክመዋል፤ ይሁን እንጂ ሸለቆውን በዓይኑ ላላየ የምክር ቤት ሰው ከፎቶግራፍ የበለጠ ምን ምስክር ይገኛል?

ነገር ግን ምስክሩ ያልተናገረውም አለ። ዋትኪንስ ከመድረሱ 10 ዓመት በፊት፥ በ1851 ዓ.ም.፥ የታጠቀ ጭፍራ ወደ ሸለቆው ገብቶ በዚያ የሚኖሩትን የአህዋኒቺን ሕዝብ ከአገራቸው አባረረ። ከእነርሱም በኋላ የተመለሱ ነበሩ። በዝነኞቹ ሥዕሎች ላይ ግን ዓለቱን፥ ዛፉንና ውኃውን እንጂ የእነርሱን ኑሮ አናይም። ተመልካቹም አገሩ ባለቤት ያልነበረው መሰለው።

ፎቶግራፉ አንሺውንም አላዳነውም። በ1870ዎቹ አጋማሽ ዕዳ ስለበዛበት የሥራ ቤቱንና ሥዕል ያነሣባቸውን መስተዋቶች አጣ፤ ሌላ ሰውም በገዛ ስሙ አትሞ ሸጣቸው። ዋትኪንስ ተስፋ ሳይቆርጥ እንደገና ተጉዞ እንደገና አነሣ። በ1906 ዓ.ም. ግን በሳንፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ የቀረው ሁሉ ጠፋ። በዚያን ጊዜ ዓይኑ ሊታወር ተቃርቦ ነበር። በ1916 ዓ.ም. በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ዛሬ በዮሰሚቲ አንድ ተራራ በስሙ ይጠራል።

ይህን ስጽፍ የዘጠነኛ ክፍል ፎቶግራፋችን ትዝ አለኝ። ሁላችን ተሰልፈን ስንሥቅ ይታያል። አባቱ ስለሞተበት ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ትምህርቱን ያቋረጠው ጓደኛችን ግን በሥዕሉ ላይ የለም። ከ20 ዓመት በኋላ ሥዕሉን የሚያይ ሰው ከመካከላችን ማንም የጎደለ አይመስለውም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ፎቶግራፍ እናንሣ፥ እናስቀምጥም፤ አገር እስከ ማዳን ይደርሳልና። ነገር ግን የዚህን የመታሰቢያ መጽሔት ሥዕሎች ስንመለከት፥ ከሥዕሉ ውጭ የቀረ ማን እንደሆነ እንጠይቅ። ታሪክ መማር ማለት ይህ ይመስለኛል።