የሩዋንዳ እጓለ ማውታ ልጆችና የመንግሥት ርዳታ

በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ባለው አንድ መቶ ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ በቱትሲዎች ላይ የተፈጸመው የዘር ማጥፋት ዕልቂት የፈጀውን ሰው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ወደ 800,000 ሲገምተው፥ የአገሩ መንግሥት ግን ከ1,000,000 በላይ ይለዋል። ዕልቂቱ ሲቆም የቀረው ጥያቄ የሕያዋን ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም አባትና እናት ያለቁባቸው ልጆች ጉዳይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ቁጥራቸውን 95,000 ያህል አድርጎ ገምቶታል።

በሌላ መከራ ጊዜ ወላጅ የሞተበትን ልጅ አጎት ወይም አክስት ያሳድገዋል። በሩዋንዳ ግን ገዳዮቹ ቤተ ሰብን ከነዘመዱ ለማጥፋት የተነሡ ስለ ነበሩ፥ አጎቱም አክስቱም ከአባቱ ጋራ ያለቁበት ልጅ ብዙ ነው። ስለዚህ በየኰረብታው ገና ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጃገረድ ለታናናሾቿ እናት ሆና፥ ውሃ ቀድታና ማሳ ቆፍራ ቤት ስትመራ ማየት የተለመደ ሆነ።

መንግሥቱ ባዶ ግምጃ ቤት የተረከበ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1998 ዓ.ም. ከዕልቂቱ ለተረፉ ችግረኞች የመርጃ ገንዘብ የሚያቋቁም ሕግ አወጣ። በአጭር ስሙ «ፋርግ» የተባለው ይህ ድርጅት ከመንግሥቱ የዓመት ገቢ ከመቶ 5 እንዲመደብለት ተወሰነ። ለድኻ አገር ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ገንዘቡ ለሕክምናና ለመኖሪያ ቤት ሥራም ቢውል፥ ብዙዎቹ ልጆች ያወቁት በትምህርት ቤት ክፍያው ነው። ሕጉ ግን ከዕልቂቱ በኋላ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የወጣ ነውና፥ በ1994 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ የነበረው ያን ጊዜ 19ኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

ርዳታ የሚሰጥ ሕግ ሁሉ ወሰን ያበጃል። ይህም ሕግ ከኦክቶበር 1 ቀን 1990 ዓ.ም. እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 1994 ዓ.ም. ድረስ ከተፈጸመው ግድያ የተረፉትን ለይቶ የሚመለከት ነበር። በጎማ የስደተኞች ሠፈር ወላጆቹ በኮሌራ ያለቁበት፥ ወይም አባቱ በግድያው ተከሶ የታሰረበት ልጅ ከዚህ መዝገብ አይገባም። ለመሞት የታደኑት ቅድሚያ ማግኘታቸው ተገቢ ነው፤ ቢሆንም በአንድ ወንበር የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች፥ ሁለቱም ወላጅ የሌላቸው፥ የአንዱ ክፍያ ተከፍሎለት ሌላው ከደጅ ሲመለስ ለመምህሩ የሚያስጨንቅ ነገር ነው።

የመሬቱ ነገር ከዚህ ይብሳል። በአገሩ ልማድ ርስት የሚወርሰው ወንድ ልጅ ስለ ነበረ፥ ታናናሾቿን ይዛ የቀረችው ልጃገረድ በአባቷ ማሳ ላይ መብት የላትም። ከሩቅ ዘመድ አንዱ፥ ወይም ጎረቤት፥ መጥቶ ቢይዘው የምትከራከርበት ሕግ አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. የወጣው የውርስ ሕግ ሴትና ወንድ ልጆችን በውርስ አስተካከለ፤ የ2005 ዓ.ም. የመሬት ሕግም ይህንኑ በመሬት ላይ አጸና። እንደ እውነቱ ከሆነ፥ ከገንዘቡ ርዳታ ይልቅ ይህ ሕግ ለእነዚህ ልጃገረዶች የበለጠ ሳያደርግላቸው አልቀረም፤ የአባትን ማሳ ማስከበር ለዓመታት እንጀራ ማግኘት ነውና።

የትምህርት ክፍያ ተከፈለ ማለት ልጁ ተማረ ማለት እንዳልሆነ ያስተማረ ሁሉ ያውቃል። ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ሲዘጋ ወላጅ ያለው አዳሪ ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እጓለ ማውታው ግን የሚሄድበት የለውም። መንግሥት ያልሞላውን ይህን ጉድለት ከሁሉ አስቀድመው ያዩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። የመርጃው ሕግ ከመውጣቱም በፊት፥ በኦክቶበር 1996 ዓ.ም. ቡታሬ በሚገኘው ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ 12 ተማሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ አባሎች በየ«ቤተ ሰቡ» ተከፍለው ከመካከላቸው አንዱን አባት፥ አንዲቱን እናት አድርገው መረጡ። አባት የተባለው ከልጆቹ በዕድሜ ብዙ አይበልጥም፤ ነገር ግን የታመመውን ይጠይቃል፥ ትምህርቱን ቸል ያለውንም ይገሥጻል። ሥርዓቱ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ተስፋፋ። ኪጋሊ ላይ በዕረፍት ጊዜ ማደሪያ የሌላቸው ተማሪዎች የሚጠለሉበት ቤት የተሠራው ግን ብዙ ዘግይቶ፥ በ2009 ዓ.ም. በተጀመረው የአንድ ዶላር መዋጮ ነው።

ፋርግ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. በአዲስ ሚኒስቴር ውስጥ ተጠቃለለ። የተማሪዎቹ ቤተ ሰብ ግን አባሎቹ ከተመረቁም በኋላ አልፈረሰም። ሰርግ በሆነ ጊዜ በሙሽራዋ ወገን በአባት ቦታ የሚቀመጠው፥ ሽማግሎቹንም ተቀብሎ መልስ የሚሰጠው፥ አንድ ዘመን በዩኒቨርሲቲ አባት ተብሎ የተመረጠው ጓደኛዋ ነው።