ከአሞሌ እስከ ቁጠባ መዝገባችን



ባለፈው ወር የቁጠባና ብድር ሒሳባችንን ስንዘጋ፣ አንዲት እናት አባላችን ዕዳቸውን ከፍለው የጨረሱ መስሏቸው ሳለ ወለዱ ቀርቶ ተገኘ። ውሉን ሲወስዱ በአማርኛ አንብበንላቸው አውራ ጣታቸውን አሳርፈዋል። እሳቸው ግን የሚያስቡትም የሚቆጥሩትም በኽምጣንጋ ስለሆነ የገባቸው ግማሹ ብቻ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው። ይህ ነገር የገበያችንን ታሪክ ወደ ኋላ እንድናይ አደረገን።

የዋግ ገበያ ከውጭ የመጣን ዕቃና ቃል ማስተናገድ የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰቆጣ በሰሜን ኢትዮጵያ ከታወቁት የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከአፋር የጨው ሜዳ የተቆረጠው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ ትግራይን አቋርጦ ይገባ ነበር። አሞሌ ወጥ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበር። ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ከፍ ይላል፤ ከተሰበረ ይቀንሳል። እህል ወይም ማር ይዛ የወጣች ሴት ይህን ሁሉ በቃሏ ታሰላ ነበር።

ከአሞሌው ጎን ማርትሬዛ ብር ነበር። የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ይህ ገንዘብ፣ እሷ የሞተችበትን እ.ኤ.አ. 1780 ዓመት እንደያዘ ከሞቷም በኋላ ለብዙ ዘመን ሲመታ ኖሯል። ዛሬ ገንዘባችንን «ብር» የምንለው እንዲህ ያለው ገንዘብ ከብር ይሠራ ስለነበር ነው።

ዕቃ ሲመጣ ስሙንም ይዞ ይመጣል። «ሱቅ» ከዐረብኛ፣ «ፉርኖ»፣ «ሳልሳ»፣ «ጎማ» እና «መኪና» ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። እኛ ሒሳብ የምንሠራው ደግሞ «ዴቢት» እና «ክሬዲት» ስንል እንውላለን።

የእኛ ሕዝብ ግን ተቀባይ ብቻ አልነበረም። ግዕዝ ብዙ ጊዜ ግሱን ያስቀድማል፤ አማርኛ ግን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያስቀምጣል። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን የአገውና የሌሎች ኩሻዊ ቋንቋዎች ተጽዕኖ ነው ይላሉ። እንግዲህ መዝገባችንን በአማርኛ ስናነብ እንኳ የአያቶቻችን አነጋገር በውስጡ አለ።

ዛሬ ኽምጣንጋ በፊደል ይጻፋል፤ በዞናችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ልጆች ይማሩበታል። ልጆቻችን የሚያነቡበትን ቋንቋ እናቶቻቸው ብድር ሲወስዱ ለምን እንነፍጋቸዋለን?

ስለዚህ ከሚቀጥለው ስብሰባ ጀምሮ ማንኛውም ውል ከመፈረሙ በፊት በሁለቱም ቋንቋ እንዲነበብ ሐሳብ አቅርበናል። «ዋና ብድር»፣ «ወለድ»፣ «ቅጣት» እና «ድርሻ» በኽምጣንጋ እንዴት ቢባሉ እንደሚሻል ከትልልቅ እናቶች ጋር ተቀምጠን እንስማማ። የእኚያን እናት ቅጣት ኮሚቴው አንስቶላቸዋል፤ ወለዱን ግን እየከፈሉ ነው። ቃላቱን ስንሰበስብ መጀመሪያ የምንጠይቀው እሳቸውን ነው።