ፓስፖርትና ደህንነት

ትናንት ደሴ ፒያሳ አንዲት የድሮ ተማሪዬ አገኘችኝ። ሳዑዲ ልትሄድ ፓስፖርት እያወጣች ነው። "ቲቸር፣ እናቴ እዚያ ቢሮ ስትገቢ ብዙ አታውሪ አለችኝ" ብላ ሳቀች።

እናቷ ወዳ አይደለም። በደርግ ጊዜ ፓስፖርት ብቻውን አያስወጣም፤ የመውጫ ቪዛም ይጠየቅ ነበር። በ1987 ሕገ መንግሥቱ (አንቀጽ 32) ከሀገር መውጣትን መብት አደረገው። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 6 ፓስፖርት ሰጪውን ከደህንነቱ ጋር አንድ ቤት አስገባው፦ "የደህንነት፣ ኢሚግሬሽንና ስደተኞች ጉዳይ ባለሥልጣን"። ከዚያ ቤት የወጣው በ2011 ነው፤ ከልደትና ሞት ምዝገባ ጋር ተደርቦ ኤጀንሲ ሆነ፣ ተጠሪነቱም ለሰላም ሚኒስቴር። (ያኔ ደህንነቱም እዚያው ሥር ነበር፤ ጉርብትናው አልቀረም።) "አገልግሎት" የተባለው በ2014 ነው።

"አብሽሪ፣ ያልገባሽን ጠይቂ" ብያት ተለያየን።